የወለል ማሞቂያ ለምን ይለግማል?

በጀርመን፣ በኔዘርላንድስና በስካንዲኔቪያ አገሮች በሚሠሩ አዳዲስ ቤቶች ከእግር ሥር የሚመጣ ሙቀት የተለመደ ነገር ሆኗል። እዚያ የሚኖር አንባቢ ጣጣውንም ሳያውቀው አይቀርም። ሳሎኑ ሞቆ መኝታ ቤቱ ይበርዳል፤ ቴርሞስታቱ 22 ላይ ተደርጎ ክፍሉ ከ17 ፈቅ አይልም። ብዙ ሰው ታዲያ በቀጥታ ሄዶ የቦይለሩን ሙቀት ይጨምራል። ያን ጊዜ የሞቀው ክፍል የባሰ ይሞቃል፣ የበረደው እንደበረደ ይቀራል፣ ወጪው ግን ይንራል።

አሠራሩ ውስብስብ አይደለም። ከሲሚንቶው ሊሾ ውስጥ ብዙ ጊዜ 16 ሚሊ ሜትር የሆነ የፕላስቲክ ቧንቧ እየተጠማዘዘ ይዘረጋል። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ዙር አለው፤ ሰፊ ክፍል ሁለትና ሦስት ሊኖረው ይችላል። ዙሮቹ በሙሉ ከአንድ ማከፋፈያ ተነሥተው ወደዚያው ይመለሳሉ። የወለሉ ስፋት ትልቅ ስለሆነ ከ35 እስከ 45 ዲግሪ ሴልሺየስ የሞቀ ውኃ ይበቃዋል። በአውሮፓ ደረጃ መሠረት ሰው በሚውልበት ክፍል የወለሉ ገጽ ከ29 ዲግሪ ማለፍ የለበትም። በዚህ ልክ የሞቀ ወለል፣ የክፍሉ አየር 20 ዲግሪ ከሆነ፣ በካሬ ሜትር 100 ዋት ገደማ ይሰጣል።

ጥፋቱን ለማግኘት ወለል መቆፈር አያስፈልግም። ማሞቂያው ለሰዓታት ከሠራ በኋላ ማከፋፈያው ጋ ሁለት ቁጥሮችን ማንበብ ነው፦ ወደ ዙሩ የሚገባው ውኃ ሙቀትና የሚመለሰው ውኃ ሙቀት። በጤነኛ ዙር ልዩነታቸው አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ዲግሪ ነው። በደቂቃ 2 ሊትር የሚጓዝ ውኃ 7 ዲግሪ ቀዝቅዞ ከተመለሰ 1 ኪሎ ዋት ያህል ሙቀት ለክፍሉ ትቷል ማለት ነው።

ገቢው ራሱ ቀዝቃዛ ከሆነና ቤቱ በሙሉ ከበረደ፣ ጥፋቱ ከማከፋፈያው በፊት ነው። ቦይለሩ፣ ፓምፑ ወይም ሙቁን ውኃ ከተመላሹ ጋር የሚያደባልቀው ቫልቭ ይፈተሽ።

ገቢው ሞቆ ተመላሹ ከቀዘቀዘ ውኃው ቆሟል ወይም እየተንቀረፈፈ ነው። እዚህ ላይ ተጠርጣሪው ብዙ ነው። በየዙሩ ቫልቭ ላይ የተገጠመው ትንሽ የፕላስቲክ ቆብ በውስጡ ሰም አለው። ቴርሞስታቱ ኤሌክትሪክ ሲልክ ሰሙ ሞቆ ያብጣል፣ በደቂቃዎች ውስጥም ቫልቩ ይከፈታል። በጋውን ሙሉ ሳይንቀሳቀስ የቆየ ቫልቭ ግን ብረት ዘንጉ ይነክስበታል። ቆቡ ሲፈታ ዘንጉን በጣት ጫን ቢሉት ጥቂት ወርዶ ተመልሶ መዝለል አለበት፤ ወርዶ ከቀረ ጥፋተኛው ተገኘ። ዘንጉ ደህና ከሆነ ቧንቧው ውስጥ አየር ታምቆ ሊሆን ይችላል፤ መፍትሔው ሌሎቹን ዙሮች ዘግቶ ያንን ብቻ አረፋው እስኪጠፋ ድረስ በውኃ ማጠብ ነው። በአሮጌ ተከላ ደግሞ ኦክስጅን በፕላስቲኩ ውስጥ ሰርጎ ብረቱን ያዝጋል፤ ዝገቱም ጥቁር አተላ ሆኖ ጠባብ ቦታ ላይ ይከማቻል።

ሌላው የተለመደ ምክንያት የሚዛን መጓደል ነው። ውኃ በቀለለው መንገድ መሄድ ይወዳል። የመታጠቢያ ቤቱ ዙር 30 ሜትር፣ የሳሎኑ 90 ሜትር ቢሆን አጭሩ አብዛኛውን ይጠጣዋል። እንዲህ ሲሆን የአጭሩን ቫልቭ ማጥበብ እንጂ የፓምፑን ጉልበት መጨመር አያዛልቅም። የሁለት ክፍሎች ሽቦ ተቀያይሮ ከሆነም የመኝታ ቤቱን ቴርሞስታት ከፍ ሲያደርጉ የሚከፈተው የሌላው ክፍል ቫልቭ ይሆናል።

ገቢውም ተመላሹም እኩል ሊሆኑ ምንም ካልቀራቸው፣ ውኃው ሙቀቱን ሳያራግፍ እየተመለሰ ነው። ወይ በጣም እየፈጠነ ነው፣ ወይ ከላይ ወፍራም ምንጣፍ ተነጥፎበታል። ሴራሚክ ሙቀት በቀላሉ ያሳልፋል፤ ወፍራም ምንጣፍ ግን ያፍነዋል።

ቁጥሮቹ ደህና ሆነው ክፍሉ ከበረደስ? ሙቀቱ በመስኮት ወይም በደንብ ባልተሸፈነ የወለል ሥር እየሾለከ ይሆናል። ወይም ትዕግሥት ጎድሏል። 6.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሊሾ በ15 ካሬ ሜትር ክፍል ውስጥ 2 ቶን ገደማ ይመዝናል። በ1 ኪሎ ዋት 5 ዲግሪ ለማሞቅ፣ ወደ ክፍሉ የሚሄደው ሳይቆጠር እንኳ፣ ከ2 ሰዓት በላይ ይወስዳል። እንደ ሸክላ ምጣድ ነው፤ ለመጋልም ለመብረድም ጊዜ ይፈልጋል። ማታ አጥፍቶ ጠዋት አብርቶ ቁርስ ላይ ሙቀት መጠበቅ ስለዚህ አያዋጣም፤ በአንድ ልክ ማቆየቱ ይሻላል።

ባለሙያ መጥራት ግድ ከሆነም የየዙሩን ገቢና ተመላሽ በወረቀት መዝግቦ መጠበቅ ነው። «ቤቱ አይሞቅም» ከሚለው አቤቱታ ይልቅ «የመኝታ ቤቱ ገቢ 40፣ ተመላሹ 22» የሚለው ባለሙያውን በቀጥታ ወደ ቫልቩ ይመራዋል።