ወደ ኋላ የሚራመድ ሐይቅ

«ሪግረሲቭ» የተባለው የእንግሊዝኛ ቅጽል በሳይንስ መጻሕፍት ውስጥ በተደጋጋሚ ይገኛል። አንዳንድ ተማሪዎች «ኋላ ቀር» ብለው ይተረጉሙታል፤ ይህ ግን ያሳስታል። ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን፣ «ሬ» ወደ ኋላ፣ «ግራዲ» ደግሞ መራመድ ማለት ነው። ኋላ ቀር የሚባለው ሌሎች ሲሄዱ በቦታው የቀረው ነው። ሪግረሲቭ የሚባለው ግን ደርሶበት ከነበረው ስፍራ የሚመለሰው ነው።

በሥነ ምድር ጥናት ቃሉ የሚያገለግለው ውኃ ከቀድሞ ዳርቻው ሲሸሽና የብስ ሲገለጥ ነው። ተቃራኒው፣ ውኃ የብስን እየወረረ ሲሄድ፣ «ትራንስግረሲቭ» ይባላል። ለሁለቱም ምሳሌ ለማግኘት ከስምጥ ሸለቆ መውጣት አያሻም።

ከ10,000 ዓመታት ገደማ በፊት ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ አንድ ሰፊ ሐይቅ ነበሩ፤ ትርፍ ውኃውም ወደ አዋሽ ይፈስ ነበር። አየሩ እየደረቀ ሲሄድ ሐይቁ አፈገፈገ፤ በአራትም ተከፈለ። ያ የተፈጥሮ ሥራ ነበር።

በቅርብ አሥርት ዓመታት በታየው የአብያታ ማፈግፈግ ግን የሰው እጅ አለበት። ሐይቁ መውጫ የለውም፤ ከዝናብ ሌላ በዋናነት የሚመግበው ከዝዋይ የሚመጣው የቡልቡላ ወንዝ ነው። የወንዙና የዝዋይ ውኃ ለመስኖ ሲቀዳ፣ ከአብያታም ለሶዳ አሽ ምርት ሲሳብ፣ ዳርቻው ሸሸ፤ ጨዋማነቱ ጨመረ፤ ዓሣው ጠፋ። በሻላ ደሴት ጎጆ ሠርተው ከአብያታ ይመገቡ የነበሩት ፔሊካኖችም ሲሳያቸውን አጡ።

ከአዳማ በስተምሥራቅ፣ በመተሐራ አጠገብ፣ የበሰቃ ሐይቅ ተቃራኒውን አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የነበረው ስፋቱ በ2000ዎቹ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆነ። የከርሰ ምድር ውኃ መጨመርና ከመስኖ እርሻ የሚሰርገው ውኃ በምክንያትነት ይጠቀሳሉ። ጨዋማው ውኃ የግጦሽ መሬት ዋጠ፤ ለአውራ ጎዳናውና ለቀድሞው የባቡር ሐዲድም ሥጋት ሆነ።

እንግዲህ በሳይንስ «ወደ ኋላ» ማለት ነቀፋ፣ «ወደ ፊት» ማለትም ምስጋና አይደለም። ሁለቱም አቅጣጫን ብቻ ያመለክታሉ። «ኋላ ቀር» የሚለው ትርጉም ፍርድ ሰጥቶ ያልፋል፤ ትክክለኛው ትርጉም ግን ጥያቄ ያስነሣል፦ ከየት ተነሥቶ ወዴት ተመለሰ? ማንስ መለሰው? ለአብያታ የሚበጀው መልስ የሚገኘው ከእነዚህ ጥያቄዎች ነው።