ክብደቱ የት ላይ አረፈ?

ባለፈው ሐምሌ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ በሚገኘው የእህቴ ግቢ፣ ከልጇ ጋር ሆነን አንዲት ቪትዝ ልናነሳ ተንበርክከናል። የፊት ቀኝ ጎማዋ ተንፍሶ አድሯል፤ ሌሊቱን ሲወርድ ያደረው ዝናብ ገና ማባራቱ ነው። ክሪኩን ከጎኗ ጠርዝ ሥር አስገብቼ ማዞር ጀመርኩ። ባዞረው ባዞረው መኪናዋ ካለችበት ንቅንቅ አላለችም። ጎንበስ ብዬ ሳይ ለካ ክሪኩ ወደ ታች እየወረደ ነው። እግሩ ጥቁሩ አፈር ውስጥ ገብቶ ጠፍቷል፤ ያውም ቀጥ ብሎ አልገባም፣ ወደ ውጭ ዘመም ብሏል። የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ ተወው እስቲ፣ ጣውላ ላምጣ» ብሎ ወደ ጓሮ ሮጠ። ያን ዘመም ያለ ብረት ሳስታውስ ዛሬም ይዘገንነኛል። ትንሽ ብቆይ ኖሮ እጄ ከጎማው ሥር ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ መኪና ሲነሳ ባየሁ ቁጥር ዓይኔ ቀድሞ የሚሄደው ወደ መሬቱ ነው። በባሕር ዳር ዙሪያና በፎገራ ሜዳ ዋልካ አፈር ብዙ ነው። በበጋ እንደ ድንጋይ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ ክረምት ሲገባ ውኃ ጠጥቶ ያብጥና ይላላል። ሒሳቡ ቀላል ነው። ቪትዝ አንድ ቶን ገደማ ትመዝናለች። አንድ የፊት ጎኗ ሲነሳ ክሪኩ ላይ 300 ኪሎ ያህል ያርፋል እንበል። የክሪኩ እግር 10 በ15 ሳንቲ ሜትር ከሆነ በእያንዳንዷ ካሬ ሳንቲ ሜትር አፈር ላይ 2 ኪሎ ይወርዳል። ከሥሩ 40 በ40 የሆነ ወፍራም ጣውላ ቢገባ ያው ክብደት ተበትኖ ከ200 ግራም በታች ይሆናል። ጣውላው ግን ጠፍጣፋና ቢያንስ አምስት ሳንቲ ሜትር የሚወፍር መሆን አለበት፤ ክብ የባሕር ዛፍ ግንድ ይንከባለላል፣ ስስ ኮምፔንሳቶ ይሰበራል። ኮብልስቶንም ቢሆን አያዘናጋ። እያንዳንዱ ድንጋይ ለብቻው የተቀመጠ ነው፤ ክሪኩ አንዱ ላይ ብቻ ከቆመ ያ አንዱ ይሰምጣል።

ክሪክ የሚለው ቃል እንደ ጎማ፣ ፍሬን፣ ዳዶና ታኮ ሁሉ ከጣሊያንኛ የወረስነው ነው። ከትንንሽ መኪኖች ጋር አብሮ የሚመጣው መቀስ መሳዩ ነው። መሐሉን አግድም አቋርጦ የሚያልፍ ጥርሳም ብሎን አለው፤ ብሎኑ ሲዞር ሁለቱ ክርኖች ይቀራረባሉ፣ አናቱ ወደ ላይ ይወጣል። አንድ ሙሉ ዙር መኪናዋን የሚያነሳት በጥቂት ሚሊ ሜትር ነው። አቅም የሌለው ሰው እንኳ መኪና የሚያነሳበት ምሥጢር ይኸው ነው፤ እጅ ብዙ መንገድ ይሄዳል፣ መኪናዋ ጥቂት ትነሳለች። የጥርሱ ፍትጊያ ስለሚይዘው እጅ ቢለቀው ወደ ኋላ አይዞርም። ደካማ ጎኑ እግሩ ነው፤ መዳፍ በምታህል ብረት ላይ ስለሚቆም ከጎን የመጣ ግፊት ይጥለዋል።

የዶልፊንና የአይሱዙ ሾፌሮች የሚይዙት ጠርሙስ መሳዩ ክሪክ ጉልበቱን የሚያገኘው ከዘይት ነው። እጀታው ሲነቀነቅ ትንሽ ፒስተን ዘይቱን ወደ ሰፊው ሲሊንደር ይገፋዋል። የሰፊው ስፋት የትንሹን 20 እጥፍ ከሆነ የሚያነሳው ጉልበትም 20 እጥፍ ይሆናል፣ የሚሄደው መንገድ ግን በዚያው ልክ ያጥራል። ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል በ17ኛው ክፍለ ዘመን ያስረዳውን ይህን ሕግ፣ እንግሊዛዊው ጆሴፍ ብራማ በ1795 እ.ኤ.አ. የዘይትና የውኃ መጭመቂያዎች ሁሉ አባት በሆነ ማሽን ላይ አውሎ የፈጠራ መብት አወጣበት። ግሩም መሣሪያ ነው። ሆኖም ያን ሁሉ ክብደት አየር ላይ ይዞ የሚያቆየው በፒስተኑ ዙሪያ ያለ ጎሚኒ ነው። ጎሚኒው ሲያረጅ ዘይቱ ያልፋል፤ አንዳንዴ ማንም ሳያስተውለው ቀስ እያለ፣ አንዳንዴ በአንድ ጊዜ። ባለ አራት ጎማው ረጅም ክሪክም የራሱ ጠባይ አለው። ክንዱ የሚነሳው ቀጥ ብሎ ሳይሆን ቅስት እየሠራ በመሆኑ ክሪኩ ራሱ ትንሽ መንከባለል ይኖርበታል። ሊሾ ወለል ላይ ይንከባለላል። አፈርና ኮብልስቶን ላይ ጎማዎቹ ይያዛሉ፤ ያኔ አናቱ ከመኪናው ሥር ይንሸራተታል።

ስለዚህ የትኛውም ክሪክ ማንሻ ነው፣ መሸከሚያ አይደለም። ጎማ ቀይሮ ለመሄድ ይበቃል። ከሥር ለመግባት ግን ሰፊ እግር ያለው የብረት መደገፊያ ያስፈልጋል፤ ክሪኩ ያነሳል፣ መደገፊያው ይረከባል፣ ከዚያ መኪናዋ ቀስ ተብላ በመደገፊያው ላይ ታርፋለች። ብየዳ ቤት ሄዶ ከቱቦ ማሠራት እንደሚቻል አውቃለሁ፣ የሚሠሩም አሉ። እኔ ግን ስንት ኪሎ እንደሚችል ያልተጻፈበትን ብረት አናቴ ላይ አላቆምም። ከመግባቴ በፊትም መኪናዋን ቆሜ በእጄ እወዘውዛታለሁ፤ የምትወድቅ ከሆነ እኔ ውጭ ሳለሁ ትውደቅ።

እዚህ ላይ ስለ ብሎኬት ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ግንባታ በማያቋርጥበት ከተማ ብሎኬት የሌለበት ግቢ የለም፤ ቁመቱም ልክ ለመኪና ሥር የተሠራ ይመስላል። መኪናን ብሎኬት ላይ ማሳረፍ ከባጃጅ የለመድነው ይሆናል። ባዶ ባጃጅ ከ400 ኪሎ በታች ስለሆነ ሁለት ሦስት ሰው በጎኑ አንስቶ ድንጋይ ያስደግፈዋል፣ ሥራውም ያልቃል። ብሎኬት ግን ውስጡ ባዶ ነው። ግድግዳ ውስጥ ክብደቱ በጠርዞቹ ሁሉ ላይ ተዘርግቶ ይወርድበታል፤ ከመኪና ሥር ሲገባ ደግሞ ጠባብ ብረት አንድ ቦታ ላይ ይጫነዋል። እንጨት ሲያቅተው ይጮኻል፣ ብረት ሲያቅተው ይጎብጣል። ብሎኬት ሳያስጠነቅቅ ብትን ይላል። እባካችሁ፣ ለአምስት ደቂቃም ቢሆን ከመኪና ሥር አታስገቡት።

የጭነት መኪና ረዳት መኪናው ዳገት ላይ ገና ሳይቆም ታኮ ይዞ ሲዘል ሁላችንም አይተናል። በቤት ግቢ፣ ለጥ ባለ መሬት ላይ፣ ያ ታኮ ይረሳል። የእጅ ፍሬን የሚይዘው በአብዛኞቹ መኪኖች የኋላ ጎማዎችን ብቻ ነው። ኋላዋ የተነሳ ቪትዝ የእጅ ፍሬኗ አየር ላይ ቀርቷል ማለት ነው፤ የፊት ጎማዎቿ ከፊትም ከኋላም ታኮ ካልተደረገላቸው ልትሄድ ትችላለች። በኋላ ጎማ በሚነዱት በዶልፊንና በፒካፕ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። «ማርሽ ውስጥ ነው» ተብሎ አንድ የኋላ ጎማ ብቻ ሲነሳ ዲፈረንሻሉ የተነሳው ጎማ ወደ ኋላ፣ መሬት የያዘው ወደ ፊት እንዲዞር ይፈቅዳል። ማርሹ ሳይነቃነቅ መኪናው ይሄዳል።

ክሪኩ የሚገባበትንም ቦታ መኪናዋ ራሷ ታሳያለች። ከፊት ጎማ ኋላ፣ ከኋላ ጎማ ፊት፣ በጎኗ ታችኛው ጠርዝ ላይ ሁለት ሁለት የተቆረጡ ምልክቶች አሉ፤ ብረቱ የተጠናከረው በእነሱ መካከል ነው። በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው በሚበተንበት አገር ያገለገለ መኪና ከሆነ ጠርዙን በመዶሻ እጀታ ቀስ ብሎ መታ መታ ማድረግ ይበጃል። የዛገ ብረት ድምፁ የታፈነ ነው፣ ክሪክም ይበሳዋል። በ2016 ዓ.ም መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የበዙት የኤሌክትሪክ መኪኖች ሆዳቸው ሙሉ ባትሪ ነው። አይዲ 4ን የመሰለው 2 ቶን ገደማ ስለሚመዝን የቪትዝ ክሪክ አይታመንለትም፤ ክሪኩ ምልክቱን ስቶ ባትሪውን ከነካ ደግሞ ጉዳቱ ከጎማ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

የጎማው ዳዶ የሚላላው መኪናዋ መሬት ላይ ሳለች ነው፤ ግማሽ ዙር ብቻ። አየር ላይ ሆና በኃይል መታገል መኪናዋን ከክሪኩ ላይ መግፋት ነው። የሚጠብቀውም ፊት ለፊት እየተሻገሩ፣ መጀመሪያ በእጅ፣ መጨረሻ ጎማው መሬት ሲይዝ። ለቪትዝ የታዘዘው 103 ኒውተን ሜትር ነው፤ 25 ሳንቲ ሜትር በሆነ መፍቻ ጫፍ ላይ 42 ኪሎ ያህል መጫን ማለት ነው። መፍቻው ላይ ወጥቶ የሚዘል ሰው ብሎኑን ይጎዳዋል።

ያን ጠዋት የእህቴ ልጅ ያመጣው የድሮ የዋንዛ በር ቁራጭ ነበር። እህቴ ትንንሾቹን ልጆች በረንዳ ላይ ሰብስባ ያዘቻቸው፤ እሱ የኋላ ጎማዎቹን በታኮ ቀረቀረ፣ እኔ ዳዶዎቹን አላላሁ። የተፈታውን ጎማ ከመኪናዋ ጎን ሥር አጋደምነው፣ ክሪኩ ቢከዳን እሱ ላይ እንድታርፍ። ስኮርታውን አስገብተን ስናወርዳት እሱ ዝቅ ብሎ ጣውላውን ጎተተው። የክሪኩ እግር እንጨቱ ላይ አራት ማዕዘን ምልክት ትቷል፤ ከሥሩ ያለው አፈር ጠፍጠፍ ከማለት በቀር ምንም አልሆነም። ጭቃውን በጨርቅ ጠርጎ ከክሪኩ ጋር ኋላ አስቀመጠው።