ነውር የጤናን ምርምር እንዴት እንደሚያሰናክል

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ምሳሌ ለታማሚው ብቻ ሳይሆን ለመርማሪውም ይስማማል። ነውር የተባለ ነገር አይጠየቅም፤ ያልተጠየቀ አይቈጠርም፤ ያልተቈጠረውም እንደሌለ ይታሰባል። በፊንጢጣ የሚደረግ ግብረ ሥጋ ለዚህ ዋነኛ ምሳሌ ነው።

ኤድስ ባሠጋበት ዘመን የብሪታንያ ሊቃውንት የሕዝቡን የግብረ ሥጋ ልማድ ለማጥናት ተነሡ። ነገር ግን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1989 መንግሥት ለጥናቱ ገንዘብ ከለከለ። ወጪውን የቻለው ዌልካም ትረስት የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። በ1990 እና በ1991 ወደ 19,000 የሚጠጉ ሰዎች ተጠየቁ። ጠያቂና ተጠያቂ እንዳይተፋፈሩም፣ እጅግ ምስጢራዊ የሆኑት ጥያቄዎች በትንሽ መጽሐፍ ታትመው ተሰጡ፤ ተጠያቂው መልሱን ራሱ ሞልቶ በፖስታ አሽጎ ይመልስ ነበር።

ጥናቱ ነገሩ በወንድና በወንድ መካከል ብቻ የሚደረግ እንዳልሆነ አሳየ። ዕድሜያቸው ከ16 እስከ 44 ከሆነው መካከል፣ በዓመቱ ውስጥ ከተቃራኒ ጾታ ጋር ፈጽመናል ያሉት ከ100 ወንዶች 7፣ ከ100 ሴቶችም ከ6 እስከ 7 ነበሩ። ከዐሥር ዓመት በኋላ ጥናቱ ሲደገም ቍጥሩ ለወንዶቹ ወደ 12፣ ለሴቶቹ ወደ 11 ከፍ አለ። ልማዱ ጨመረ ወይስ የተጠያቂው አንደበት ተፈታ? ሁለቱም ሊሆን ይችላል፤ ነውር የጋረደውን ቍጥር ማንበብ የሚያስቸግረው በዚህ ነው።

የዝምታው ዋጋ ቀላል አይደለም። የፊንጢጣ ውስጠኛ ሽፋን ስስ ስለሆነ፣ መከላከያ በሌለበት ግንኙነት ኤች አይ ቪ ወደ ተቀባዩ ወገን የመተላለፉ ዕድል በሴት ብልት ከሚደረገው ከዐሥር ጊዜ በላይ ይበልጣል። ጨብጥና ክላሚዲያም በዚያ ሥፍራ ሲገኙ ብዙ ጊዜ ምልክት አያሳዩም፤ ሽንት ብቻ ቢመረመር ሳይታወቁ ያልፋሉ። ሐኪሙ አፍሮ ካልጠየቀ፣ ታማሚዋም አፍራ ካልተናገረች፣ በሽታው ከዐይን ይሰወራል።

በአማርኛ ችግሩ ከስሙ ይጀምራል። «ግብረ ሰዶም» የሚለው ቃል በጥፋቷ ከታወቀች ከተማ የተወሰደ ስለሆነ፣ ድርጊቱን ከመግለጹ አስቀድሞ ይፈርድበታል። በዛሬው አነጋገርም የወንድና የወንድን ግንኙነት ያመለክታል፤ ስለዚህ በዚህ ቃል የተጠየቀች ባለትዳር ሴት «የለም» ብትል ዋሸች አትባልም።

ሐፍረት ራሱ የሕዝብ ባሕል ስለሆነ መርማሪ ሊንቀው አይገባም። ከእርሱ የሚፈለገው ፍርድ የሌለበት ቃልና ሐፍረትን የሚያከብር አጠያየቅ ነው፤ የታሸገው ፖስታ የዚህ ምስክር ነው።