መቀመጫችን አርባ ምንጭ ነው

ባለፈው ሳምንት አንድ የማውቀው ወጣት አስጎብኚ ላፕቶፑን ይዞ ሴቻ ሰፈር ቤቴ ድረስ መጣ። «ጋሼ፣ አንዴ ብቻ ይዩልኝ፤ ነገ መላክ አለበት» አለኝ። አንድ የሙዝ አምራቾች ማኅበር ስፔን ለሚገኝ በጎ አድራጊ ድርጅት የሚጽፈው ማመልከቻ ነው። አማርኛውን የማኅበሩ ጸሐፊ አዘጋጅቶታል፤ ስፓኒሹ የልጁ ነው።

ትርጉሙ ከጥቃቅን የፊደል ግድፈት በቀር ደህና ነበር። ሦስተኛው መስመር ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ። አማርኛው «ዋና መሥሪያ ቤቱ አርባ ምንጭ ከተማ የሆነ» ይላል። ስፓኒሹ ላይ የተጻፈው «ኩዋርቴል ኼኔራል» ነው።

እኔ ስፓኒሽ የተማርኩት ኩባ ነው። ከሶማሊያ ጦርነት በኋላ ወደ ኢስላ ዴ ላ ኹቬንቱድ፣ ወደ ወጣቶች ደሴት፣ ከተላኩት በሺዎች የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ልጆች አንዱ ነኝ። እዚያ ያደገ ልጅ «ኩዋርቴል» የሚለውን ቃል ከሞንካዳ ለይቶ አያውቀውም። ሞንካዳ ፊደል ካስትሮና ጓዶቹ ሐምሌ 19 ቀን 1945 ዓ.ም. ጥቃት የሰነዘሩበት፣ ሳንቲያጎ ዴ ኩባ የነበረው የወታደር ሰፈር ነው፤ ቀኑ በየዓመቱ ይከበራል። ቃሉን ባየሁ ቁጥር የሚታየኝ አጥርና ዘብ ነው። የስፔን ጋዜጠኞች አንዳንዴ ለኩባንያም ለፓርቲም እንደሚጠቀሙበት አውቃለሁ። እርዳታ የሚጠይቅ የገበሬ ማኅበር በማመልከቻው ላይ ሊጽፈው ግን አይገባም።

«ከየት አመጣኸው?» አልኩት።

«መጀመሪያ ወደ እንግሊዝኛ መለስኩት፤ ከዚያ መዝገበ ቃላት አየሁ።»

ሥራችን የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ከአማርኛ ወደ ስፓኒሽ የምንሄደው በእንግሊዝኛ ድልድይ ነው፤ ድልድዩ ደግሞ የራሱን ጓዝ ያሸክመናል። የእንግሊዝኛው «ሄድኳርተርስ» የጦር ሠራዊት ታሪክ ስላለው መዝገበ ቃላቱ ወታደራዊውንም ፍቺ አብሮ ይደረድራል። «ዋና መሥሪያ ቤት» በሚለው አማርኛ ውስጥ ግን ያለው ሥራና ቤት ብቻ ነው። ለሠራዊቱማ የራሱ ቃል አለን፦ ጠቅላይ መምሪያ እንላለን። «ኤታማዦር»ም ከፈረንሳይኛ የመጣ የስፓኒሹ «ኤስታዶ ማዮር» ወንድም ነው።

ነገሩ የፊደል ጨዋታ አይደለም። ልጁ ይህንኑ ቃል ነጭ ሳር ፓርክ በር ላይም ለእንግዶች ይለው እንደነበር ነገረኝ። በሩ ላይ መሣሪያ የያዙ የፓርክ ጠባቂዎች አሉ። ስፔናዊ ቱሪስት ጠመንጃውን እያየ «ኩዋርቴል» ሲባል ካሜራውን ቦርሳው ውስጥ ቢከት አይፈረድበትም።

ትክክለኛው ቃል ሩቅ አልነበረም። ስፓኒሽ «ሴዴ» ይላል። ከላቲን የወረደ ነው፤ ፍቺው መቀመጫ። እኛስ የምንለው ምንድን ነው? «መቀመጫውን አርባ ምንጭ ያደረገ ማኅበር» አይደል? ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ደግሞ ይበልጥ ይቀራረባሉ፦ እኛ መንበረ ፓትርያርክ፣ መንበረ ጵጵስና እንላለን፤ እነሱ ቫቲካንን «ሳንታ ሴዴ» ይላሉ፣ ቅድስት መንበር። ከይፋዊ ቋንቋዎቹ አንዱ ስፓኒሽ የሆነው የአፍሪካ ኅብረትም አዲስ አበባ ላይ ያለው «ሴዴ» ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይተዋወቁ አንድ ወንበር ላይ ተገናኝተዋል፤ መሐል የገባው እንግሊዝኛ ነው ያራራቃቸው።

ልጁ «ሴዴ ሴንትራል» ብሎ ሊያርመው ጀመረ። «ዋና» የሚለው እንዳይጎድል ፈርቶ ነው። ቅርንጫፍ አላቸው ወይ ብዬ ጠየቅኩት። የላቸውም፤ እዚሁ ሴቻ አንዲት ክፍል፣ ላንቴ ደግሞ አንድ መጋዘን ብቻ። አማርኛችን «ዋና»ን ለክብርም ይጨምረዋል፤ ስፓኒሹ «ሴንትራል» ሲል ግን አንባቢው ሌሎቹ የት አሉ ብሎ ይፈልጋል። «ሴዴ» ብቻዋን ትበቃለች። ንግድ ድርጅት ቢሆን ኖሮ «ካሳ ማትሪስ» ይመጣ ነበር፣ እናት ቤት እንደ ማለት፤ በሥሯ ያለው ኩባንያ «ፊሊያል» ነው፣ ልጅ። እኛ «እህት ኩባንያ» የምንለውን በቀጥታ ለመተርጎም የሚጣደፍ ሰው መጀመሪያ ማን ማንን እንደሚያዝ ይጠይቅ፤ እናትና ልጅን እህትማማች ካደረገ የባለቤትነቱን ነገር አዛብቷል።

እኔን ራሴን የሚያስቸግረኝ የከተሞቹ ጉዳይ ነው። አርባ ምንጭ በ1950ዎቹ ከጨንቻ ተረክባ የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ሆነች፤ ዛሬ የጋሞ ዞን ዋና ከተማ ናት። ለዚህ ስፓኒሽ «ካፒታል» አለው፤ በላቲን አሜሪካ ለአነስተኛ አስተዳደር «ካቤሴራ» የሚሉም አሉ። ካቤሴራ የአልጋ ራስጌም ነው፤ «ርእሰ ከተማ» ለሚል አማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይሆንም። ነገር ግን በነሐሴ 2015 የተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ማዕከሉን በስድስት ከተሞች አከፋፍሏል፦ ወላይታ ሶዶ የፖለቲካና የአስተዳደር ማዕከል ሆና፣ አርባ ምንጭ፣ ዲላ፣ ሳውላ፣ ጂንካና ካራት የየራሳቸውን ቢሮዎች ይዘዋል። ለስፔናዊ ይህን ሳስረዳ የምጠራው ቦሊቪያን ነው። በሕገ መንግሥቷ ዋና ከተማዋ ሱክሬ ናት፤ ፕሬዚዳንቱና ምክር ቤቱ ግን ላ ፓዝ ናቸው፤ ላ ፓዝን «ሴዴ ዴ ጎቢየርኖ» ይሏታል፣ የመንግሥት መቀመጫ። እንግዳው ወዲያው ይገባዋል። እኔም ሶዶን «ካፒታል»፣ የቀሩትን «ሴዴ» እያልኩ እጽፋለሁ፤ አርባ ምንጬ ዝቅ ያለች እየመሰለኝ ቢከብደኝም።

አንድ ጊዜ ዶርዜ ላይ አንዲት ስፔናዊት እንግዳ የሽማግሌዎቹ «ሴዴ» የት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ቢሮ ፍለጋ ቤት ቤቱን ታያለች። ወደ ዱቡሻው ወሰድኳት። ጣሪያ የለው፣ በር የለው፣ ታፔላ የለው፤ ሣርና የሚቀመጡባቸው ድንጋዮች ናቸው። የአገሩ ነገር የሚመከረው፣ የተጣላ የሚታረቀው እዚያ ነው። «ሴዴው ይህ ነው» አልኳት፤ በዕድሜዬ ቃሉን ከዚያ በተሻለ ቦታ ተጠቅሜበት አላውቅም። «ዋና መሥሪያ ቤት» ብዬ ቢሆን ግን ቤቱን የት አመጣው ነበር?

ልጁ ይህን ሁሉ ሰምቶ መስመሩን ሰረዘ። «ቲየኔ ሱ ሴዴ ኤን አርባ ምንጭ» ብሎ ጻፈና ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። ከዚያ ሁለተኛውን ገጽ ከፈትን፤ እዚያ ደግሞ «ደቦ» የሚል ቃል ይጠብቀን ነበር።