የኮምፒዩተር እንስራ

አያቴ በዘጌ፥ ከጣና ዳር ይኖራሉ። ለጠጪ ሁሉ ሐይቅ አይወርዱም፤ ማለዳ ያስቀዱትን ውሃ በእንስራ ያኖራሉ። ኮምፒዩተርም እንዲሁ ነው ብል አይሳቅብኝ።

የፈተና ውጤት በድረ ገጽ በሚወጣበት ዕለት ብዙ ተማሪ በአንድ ጊዜ ይጠይቃል። ዋናው መዝገብ ለያንዳንዱ ከዲስክ እየፈለገ ሲመልስ ይዘገያል። ስለዚህ ደጋግሞ የሚጠየቀው መልስ ሜሞሪ በተባለው ፈጣን ክፍል ይቀመጣል፤ ይህም ካሽ ይባላል።

የካሹ ዓይነት ግን ብዙ ነው። በየኮምፒዩተሩ የግል ሜሞሪ ማኖር ከሁሉ ይፈጥናል፤ ሆኖም አንዱ የያዘውን ሌላው አያውቅም። እኔም ይህንኑ በችግር ተማርሁ። አምና የሠራሁትን የውጤት ገጽ ሁለት ኮምፒዩተሮች ያገለግሉት ነበር። የአንዲት ተማሪ ሒሳብ ከ48 ወደ 84 ሲታረም አንደኛው አሮጌውን ይዞ ቀረ። ልጅቱም ገጹን በከፈተች ቍጥር አንዴ ስታልፍ አንዴ ስትወድቅ ዋለች፤ እናቷን ቀና ብዬ ማየት አፈርሁ።

የሚበጀው ሁለቱም የሚቀዱበት የጋራ ካሽ ነበር፤ በ1995 ዓ.ም. የወጣው ሜምካሽድ ወይም በ2001 ዓ.ም. የተከተለው ሬዲስ ይህን ይሠራል። ዳሩ ግን የግል ሜሞሪውን ትእዛዝ በፕሮግራሙ ውስጥ በየቦታው ጽፌው ስለ ነበር፥ ወደ ሬዲስ ለመለወጥ ሦስት ሌሊት ፈጀብኝ። አሁን ፕሮግራሜ የሚያውቀው አኑር፥ አምጣ፥ ሰርዝ የሚሉትን ብቻ ነው፤ ከበስተኋላ የትኛው ካሽ እንዳለ በአንድ መስመር ይወሰናል። አያቴ እንስራውን በጀሪካን ቢለውጡ ጠጪው ምን ገዶት! በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ሬዲስ የፈቃድ ውሉን በመለወጡ ቫልኪ የተባለው ከርሱ ተገንጥሎ ወጥቷል፤ ዘንድሮ ያችን መስመር ብቻ ለውጬ ወደ ቫልኪ ተሻገርሁ።

ማርክ በታረመ ቍጥርም ፕሮግራሙ አሮጌውን ከካሹ ይሰርዛል። ልጅቱ ግን እስካሁን ገጹን ሁለት ጊዜ ሳትከፍት አታምነኝም።