ኢንጀክተሩን ሳትፈቱ ሰልባትዮውን እዩ

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ አበው። ይህ ተረት ለሰው ጠባይ ብቻ የተነገረ ይመስለኝ ነበር። ለናፍታ ሞተርም እንደሚሠራ የገባኝ ኮን ላይ፣ በአጎቴ ግቢ ውስጥ ነው።

ኮን በሰሜን ወሎ የዋድላ ወረዳ ከተማ ናት። የላሊበላው መንገድ የሚታጠፍባት ጋሸና ጎረቤቷ ስትሆን፣ አካባቢው በጠቅላላ የሚተነፍሰው ከወልድያ ተነስቶ ወደ ወረታ በሚዘልቀው፣ ሕዝቡ «የቻይና መንገድ» በሚለው ጎዳና ነው። ነገሩ የሆነው በ2001 ዓ.ም. ነበር። አጎቴ አንድ አሮጌ ኤን ፒ አር አይሱዙ ነበራቸው። ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ ጭኖ ወልድያ ያደርሳል፤ ሲመለስ ጨውና ቆርቆሮ ያመጣል። ቤተሰቡ የሚኖረው በእሱ ነው። መኪናው ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ እየተፋ አልጎትት ሲል «ኢንጀክተሩ ነው» ተባለ። እኔም ውለታ መዋል አማረኝና ከአዲስ አበባ አራት ኢንጀክተር ገዝቼ ሄድኩ። ዋጋው ረከሰልኝ፤ ደረሰኝ አልጠየቅኩም።

ለመሆኑ ኢንጀክተር ምንድን ነው? የናፍታ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር ካንዴላ የለውም። ፒስተኑ አየሩን 17 እና 18 እጥፍ ያህል አምቆ ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ያግለዋል። ናፍታው እዚያ ግለት ውስጥ እንደ ጉም ተበትኖ ሲገባ በራሱ ይቀጣጠላል። ያን ጉም የሚሠራው ኢንጀክተር ነው። ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ሞተሩን ሲሠራ ነዳጁን የሚነፋው በታመቀ አየር ነበር፤ ለዚህም ከባድ መጭመቂያ ያስፈልገው ነበር። የናፍታ ሞተር በጭነት መኪና ላይ በሰፊው የገባው ቦሽ እ.ኤ.አ. በ1927 የናፍታ ፖምፓ በብዛት ማምረት ከጀመረ በኋላ ነው።

የኢንጀክተሩ አፍንጫ ቀዳዳዎች ስፋታቸው የሚሊሜትር ጥቂት አሥረኛ ነው። ውስጡ የሚንሸራተተው መርፌ ከቤቱ ጋር ያለው ክፍተት ደግሞ ጥቂት ማይክሮን ብቻ ነው፤ የሰው ጠጉር ከዚያ ከአሥር እጥፍ በላይ ይወፍራል። እንግዲህ ከዛገ በርሜል የተቀዳ ናፍታ ምን እንደሚያደርገው አንባቢ ይፍረድ። ውኃ ያዝገዋል፣ ደቃቅ አሸዋ ይሞርደዋል፣ ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ናፍታ ደግሞ ማለስለሻነቱ ስለሚቀንስ ያደርቀዋል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ቁልፍ ማንሳት ሳይሆን መጠየቅ ነው። ጥቁር ጭስ ማለት ናፍታው ከአየሩ በዝቷል ማለት ነው። የአየር ማጣሪያው በአቧራ ተደፍኖም ይሆናል። ከዚያም በላይ በ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፉ በሩብ ያህል ይሳሳል፤ የዋድላ ደጋ ከዚያም ይበልጣል። ተርቦ የሌለው ሞተር እዚያ ዳገት ላይ ቢያጨስ ሁልጊዜ በሽታ አይደለም። በጠዋቱ ብርድ የሚታይ ነጭ ጭስ ያልተቃጠለ ናፍታ ነው፤ ሰማያዊው ደግሞ ዘይት ነው። እኛ ይህን ሁሉ አልጠየቅንም።

በእርግጥ ጥርጣሬው ወደ ኢንጀክተሩ ካመራ፣ በአሮጌው ዓይነት ሞተር ላይ በግቢ ውስጥ መሥራት ይቻላል። ሞተሩ በርዶ ዙሪያው በደንብ ይታጠባል፤ አንዲት ቅንጣት አሸዋ ብትገባ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው። የናፍታ ቱቦዎቹና የመላሹ ቱቦ ተፈትተው አፋቸው ይሸፈናል። ኢንጀክተሮቹ የትኛው ከየትኛው ጉድጓድ እንደወጣ ምልክት ይደረግባቸዋል። አልወጣ ያለው በመዶሻ አይመታም፤ ዘይት ጠጥቶ በትዕግሥት ይነቀላል። ብዙ ሰው የሚረሳው ከሥሩ ያለችውን የመዳብ ሮንዴላ ነው። አሮጌዋ ጉድጓዱ ውስጥ ተጣብቃ ስትቀርና አዲሷ ስትደረብባት፣ አፍንጫው ከቦታው ከፍ ይልና ርጭቱ ይበላሻል። ስለዚህ አሮጌዋ ወጥታ፣ መቀመጫው ጸድቶ፣ አንዲት አዲስ ሮንዴላ ብቻ ትገባለች። ቡሎኑ የሚጠብቀው በጉልበት ሳይሆን ፋብሪካው በወሰነው ልክ፣ በመለኪያ ቁልፍ ነው።

ቀጥሎ አየሩን ማስወጣት ነው። በእጅ ፖምፓው አየሩ ከማጣሪያው እስኪወጣ ይገፋል፤ ከዚያም የቱቦዎቹ ዳዶዎች ላላ ብለው ሞተሩ በሞተሪኖ ይዞራል። ናፍታው ያለ አረፋ መውጣት ሲጀምር አንድ በአንድ ይጠብቃሉ።

አደጋውን ሳልናገር አላልፍም። ከኢንጀክተር የሚወጣ ናፍታ ቆዳ በስቶ ይገባል። ሲያዩት የመርፌ ጫፍ የነካው ይመስላል፣ ሕመሙም መጀመሪያ ላይ ቀላል ነው፤ ከሰዓታት በኋላ ግን እጅ እስከማስቆረጥ ይደርሳል። የሚያንጠባጥብ ቦታ የሚፈለገው በካርቶን እንጂ በእጅ አይደለም። የተነካ ሰው ሳይውል ሳያድር ቀዶ ሐኪም ዘንድ ይሂድ።

ይህ ሁሉ ለአሮጌው ሞተር ነው። አሮጌው ኢንጀክተር በ200 ባር አካባቢ ይከፈታል፤ «ኮመን ሬይል» የሚባለው አዲሱ ግን በ1,600 ባርና ከዚያ በላይ ይሠራል። በብዙዎቹ ላይ እያንዳንዱ ኢንጀክተር የራሱ መለያ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩም በመኪናው ኮምፒዩተር ውስጥ መመዝገብ ይኖርበታል። ሞተሩ እየሠራ ዳዶ ማላላት ደግሞ በሕይወት መቀለድ ነው። አዲሱ ነዳጅ ይቆጥባል፣ ጭሱም ያንሳል፤ ነገር ግን ኮምፒዩተሩ ያለው ከተማ ነው። ጋሸና በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. የጦር ግንባር እንደነበረች አንባቢ ያስታውሳል። መንገድ በተዘጋ ቁጥር መካኒኩም መለዋወጫውም ይቀራል። ለገጠር ከተማ መኪና የሚገዛ ሰው «ስንት ኩንታል ይጭናል?» ከማለቱ በፊት «ሲበላሽ ማን ይሠራዋል?» ብሎ ቢጠይቅ መልካም ነው የምለው ለዚህ ነው።

ወደ አጎቴ ግቢ ልመለስ። አራቱን ቀየርን፣ ሞተሩ ተነሳ፣ ቡና ተፈላ፣ እኔም ተመረቅኩ። ወር ሳይሞላ ስልክ ተደወለ፤ መኪናው ዳገት ላይ ቆሟል። ሲፈታ የአንዱ ፒስተን አናት ቀልጦ ተበስቷል። ካመጣኋቸው አንዱ ናፍታውን እንደ ጉም ከመርጨት ይልቅ ያንጠባጥብ ኖሯል። አዲስ ነው ብዬ አምኜ ሳላስፈትሽ ነበር የገዛሁት። አሮጌዎቹን መመርመሪያ ማሽን ወዳለበት ቤት ወሰድናቸው፤ ሦስቱ በእጥበት ብቻ ዳኑ፣ አንዱ አፍንጫ ተቀየረለት። ሰልባትዮው ሲከፈት ግን ታቹ ዝገትና ውኃ ነበር። በሽታው ከመጀመሪያውም እዚያ ነው የነበረው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ እንዲሆን ያስገድዳል። ገዢውም ዕቃውን ቶሎ መርምሮ ጉድለቱን ለሻጩ ማስታወቅ፣ ካልተስማሙም በአንድ ዓመት ውስጥ ክስ ማቅረብ አለበት። ይህን ተምሬዋለሁ፣ ለሌላ ሰውም መክሬበታለሁ። ሻጩ ግን «ከእኔ ለመግዛትህ ምን ማስረጃ አለህ?» ሲለኝ መልስ አልነበረኝም። የዚያው ሕግ አንቀጽ 2081 ደግሞ ባለመኪናውን መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። ያ መኪና ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ጠፍቶ ሰው ቢጎዳ ኖሮ፣ የእኔን ርካሽ ኢንጀክተር ዕዳ የሚከፍሉት አጎቴ ነበሩ።

አጎቴ አልተቆጡኝም። የሞተሩን ማሠሪያ ለመክፈል ሁለት በሬ ሸጡ። ያን ዕለት ያሉኝ ግን እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም፤ «ልጄ፣ ሕግ የተማርክ አይደለህም እንዴ? ደረሰኝ እንኳ አትቀበልም?»

ውድ አንባቢ፣ በእርስዎ ወይም በዘመድዎ ግቢ የሚያጨስ መኪና ቢቆም፣ ቁልፍ ከማንሳትዎ በፊት ማጣሪያውን ይዩ፣ ሰልባትዮውን ያስጠርጉ፣ አሮጌውንም አዲሱንም ኢንጀክተር ያስፈትሹ። ከገዙ ደግሞ ደረሰኙን ይያዙ። ቸር ይግጠመን።