ኮምፒውተሩን ባለ ቀለም ያደረገው ጌም

«ጌም መጫወት ጊዜ ማባከን ነው» ሲባል ያልሰማ ወጣት ያለ አይመስለኝም። ግን ከመጀመሪያዎቹ የቤት ኮምፒውተሮች አንዱ ቀለምና ድምፅ ያገኘው በአንድ ጌም ምክንያት ነው ብትባሉስ?

ጌሙ «ብሬክአውት» ይባላል። አታሪ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጣው፣ ሳንቲም እየከተቱ የሚጫወቱበት ትልቅ ማሽን ነበር። አጨዋወቱ ቀላል ነው፤ ከታች ያለችውን ሰሌዳ ግራና ቀኝ እያንቀሳቀሱ ኳሷን መመለስ፣ በኳሷ የጡብ ግንቡን ማፍረስ። ስክሪኑ ጥቁርና ነጭ ስለነበር ጡቦቹን ባለ ቀለም ያስመሰላቸው የተለጠፈባቸው ፕላስቲክ ነው።

ያኔ እንዲህ ያለ ጌም በሶፍትዌር አይሠራም። ኳሷም ግንቡም የተያያዙ ቺፖች ውጤት ናቸው፤ ቺፕ ሲበዛ ደግሞ ማሽኑ ይወደዳል። ሥራው የተሰጠው ስቲቭ ጆብስ፣ በጥቂት ቺፕ ብዙ መሥራት የሚችለውን ጓደኛውን ስቲቭ ዎዝኒያክን ጠራ። ዎዝኒያክ ቀን ሂውሌት ፓካርድ እየሠራ፣ ሌሊት አታሪ እያደረ፣ በአራት ቀን ጨረሰው። እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም።

ክፍያውስ? ዎዝኒያክ እንደሚለው የደረሰው 350 ዶላር ነው። ቺፕ በመቀነሱ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ጉርሻ እንደተከፈለ የሰማው ከዓመታት በኋላ ነው። ጆብስ በበኩሉ ግማሹን እንዳካፈለው ተናግሯል። ይባስ ብሎ ንድፉ በጣም የተጠቀጠቀ ስለነበር አታሪ ለምርት ሌላ ንድፍ ተጠቀመ።

ዎዝኒያክ ግን ጌሙን አልተወውም። በ1977 የወጣውን አፕል 2 ኮምፒውተር ሲነድፍ ያንኑ ጌም ቤዚክ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጽፎ ማጫወት ፈለገ። ለጡቦቹ ብሎ ቀለም፣ ኳሷ ስትመታ እንዲሰማ ብሎ ስፒከር፣ ለሰሌዳዋ ብሎ የሚዞር እጀታ ጨመረ። ከዚያ ወዲያ የኳሷን ፍጥነት ወይም የግንቡን ቀለም ለመቀየር ሽቦ መፍታት ቀረ፤ አንድ መስመር ማስተካከል በቃ። ጌም መሥራት ከኩባንያ ወጥቶ ቤቱ ኮምፒውተር ያለው ልጅ እጅ ገባ ማለት ነው።

ያ ኮምፒውተር በመነሻው የነበረው ሚሞሪ 4 ኪሎባይት ብቻ ነው። ስልካችሁ የሚያነሳው አንድ ፎቶ እንኳ አይገባበትም። በ2001 የመጀመሪያው አይፖድ ሲወጣ ውስጡ ተደብቆ የተገኘውም ያው ግንብ ማፍረሻ ጌም ነበር።

ዛሬ ይህን ጌም በስልክ ብቻ ኮድ ጽፎ መሥራት ይቻላል። ኳስ፣ ሰሌዳ፣ ጥቂት ጡብ፤ ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ መለማመጃ የለም። «ጊዜህን አታባክን» ያላችሁን ሰው ሠርታችሁ አጫውቱት።